ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ ግን ይከሰሳል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ናይሮቢው የኤምባሲ ፍንዳታ ካሳ በሁለት መስመር ጠቅሼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ደብዳቤ ሁሉ ስለዚሁ ሆነ። የውጭ አገር መንግሥት ሽብር ደግፏል ተብሎ እንዴት ይከሰሳል? ገንዘቡንስ ማን ይከፍላል? ጥቂቶቹን መርጫለሁ። የኢትዮጵያ ነው ካላልኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ የአውሮፓ ናቸው። አንድ ነገር ግን ይታወቅልኝ፤ እዚህ የምጽፈው አጠቃላይ ነገር ነው፣ የራሳችሁን ጉዳይ ይዛችሁ ጠበቃ ጋ መሄዳችሁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አብራኝ የምትሠራ ኬንያዊት አለች። በ1998 ናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኛ ነበረች፤ ፊቷ ላይ የመስታወት ጠባሳ አለ። ሱዳን ካሳ ከፈለችኝ ስትለኝ ግራ ገባኝ። ቦምቡን ያፈነዳው አልቃይዳ አይደለም እንዴ?

እህቴ፣ ባልደረባሽ እውነቷን ነው።

ቀኑ ዓርብ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ የገባ ዕለት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ግድም መጀመሪያ ትንንሽ ፍንዳታ ተሰማ። በአካባቢው ፎቆች ላይ ያለ ሰው ሁሉ ምንድነው ብሎ ወደ መስኮት ሄደ። በመኪና የመጣው ትልቁ ፈንጂ የፈነዳው ያኔ ነው። ዓይናቸውን ያጡና ፊታቸው የተቆራረጠ ሰዎች ያን ያህል የበዙት ለዚህ ነው፤ መስታወቱ ቆመው ሲያዩ አገኛቸው። አጠገቡ የነበረው ኡፉንዲ ሕንፃ እንዳለ ተደረመሰ። ናይሮቢ ላይ 213፣ በደቂቃዎች ልዩነት ዳሬሰላም ላይ 11፣ በድምሩ 224 ሰው ሞተ። ከነዚህ ውስጥ አሜሪካውያኑ 12 ነበሩ።

አድራጊው አልቃይዳ ነው፣ ልክ ነሽ። ግን ኦሳማ ቢንላደን ከ1991 እስከ 1996 የኖረው ካርቱም ነው። እዚያ ኩባንያ ነበረው፣ እርሻ ነበረው፣ ሰዎቹም እንደልባቸው ይገቡ ይወጡ ነበር። ከሳሾቹ ያሉት ይህን ነው፤ የሱዳን መንግሥት መጠለያ ሰጠ፣ ፓስፖርት ሰጠ፣ ከለላ ሆነ፣ ያ ባይኖር ቡድኑ ያን ጥቃት ለማድረስ አቅም አያገኝም ነበር። ዋሽንግተን ያለው የፌደራል ፍርድ ቤት ማስረጃውን ሰምቶ በ2011 ሱዳንንም ኢራንንም ተጠያቂ አደረገ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባላችን በዓለም አቀፍ ሕግም አለ። አንድ መንግሥት በሌላ አገር ፍርድ ቤት አይቆምም። አሜሪካም በ1976 ባወጣችው ሕግ ይህንኑ አጽንታ ጥቂት ቀዳዳዎች ብቻ ተወች፤ ንግድ፣ የመኪና አደጋ፣ እንዲህ ያለ ነገር። በ1996 ግን ኮንግረስ አንድ ሌላ በር ከፈተ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ «ሽብርን የሚደግፍ መንግሥት» ብሎ በዝርዝሩ ያሰፈረው አገር፣ ለግድያ፣ ለእገታ፣ ለማሰቃየት ወይም እነዚህን ለመደገፍ ሊከሰስ ይችላል ተባለ። ሱዳን ዝርዝሩ ውስጥ የገባችው በ1993 ነው። በ2008 ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ፣ አሜሪካዊ ያልሆነም ሰው በዕለቱ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ከነበረ መክሰስ ይችላል አለ። ባልደረባሽ የገባችው በዚህ በር ነው።

ልብ በይ፤ በዚያ መንገድ ሲያልፍ የሞተው፣ አውቶቡስ ሲጠብቅ የቆሰለው፣ ኡፉንዲ ሕንፃ ውስጥ ትምህርት ላይ የነበረችው ልጅ በዚህ በር አይገቡም። ከሞቱት ኬንያውያን አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከገቡትም መካከል እኩል የተከፈለ የለም። በጊዜው እንደተዘገበው ከሱዳን ጋር የተደረሰው የካሳ ስምምነት ለሟች አሜሪካዊ ሠራተኛ ቤተሰብ 10 ሚሊዮን፣ ለሟች የአገሬው ተወላጅ ሠራተኛ ቤተሰብ 800 ሺህ ዶላር ነበር። ያው መሥሪያ ቤት፣ ያው ፎቅ፣ ያው ፈንጂ። በኋላ ዜግነት ያገኙት ሠራተኞች ጮኸው ጮኸው ኮንግረስ በ2020 መጨረሻ ልዩነቱን ለማጥበብ 150 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደላቸው። ባልደረባሽ ዜግነት ወስዳ ከሆነ እሱንም ጠይቂያት። ሳትጠየቅ የምትነግርሽ ነገር ሊሆን ግን አይችልም፤ ያ ገንዘብ ጓደኛን ከጓደኛ አኳርፏል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ሱዳን ላይ የተፈረደው 10 ቢሊዮን ዶላር ነው ይላል። የከፈለችው 335 ሚሊዮን ነው። ጠበቆቹ በሉት ወይስ ምንድነው ነገሩ? (ከፍራንክፈርት)

ጠበቃን መጠርጠር ደስ ይላል፣ ግን እዚህ ላይ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

በ2014 የተወሰነው ካሳ በድምሩ 10.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 4.3 ቢሊዮኑ የቅጣት ካሳ ነው፣ ማለትም ጉዳቱን ለመተካት ሳይሆን ጥፋተኛውን ለመቅጣት የሚጨመር። ይህ ሁሉ ሲሆን ሱዳን አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት አልቀረበችም። ሂሳቡ ሲመጣ ነው ጠበቃ ይዛ ይግባኝ ያለችው። ይግባኝ ሰሚው የቅጣቱን ካሳ ሰረዘላት፤ የ2008ቱ ሕግ ከ1998ቱ ጥፋት በኋላ የወጣ ስለሆነ ወደኋላ ሄዶ አይቀጣም አለ። በግንቦት 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ያንን ውሳኔ ሻረው። ወደኋላም ሄዶ ይቀጣል።

ቆንጆ ፍርድ ነው። ግን የማን ንብረት ተሽጦ ይከፈል? የኤምባሲ ሕንፃ አይያዝም። አሜሪካ ውስጥ የታገደ የሱዳን ሀብት ያን ዕዳ አይሸፍንም። ካርቱም ሄዶ የአሜሪካ ፍርድ የሚያስፈጽም ዳኛ የለም። ኢራን ላይ የተፈረደውም ከዚህ የባሰ ነው። ከ1998 ጀምሮ ቢሊዮን በቢሊዮን ላይ ተቆልሎባታል፤ አንድ ብር ወዳ አልከፈለችም። በ2016 በቤይሩቱ የ1983 ፍንዳታ ለሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች ቤተሰቦችና ለሌሎች ከሳሾች ኒውዮርክ የተገኘ 1.75 ቢሊዮን ዶላር የኢራን ማዕከላዊ ባንክ ገንዘብ እንዲሰጣቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈቀደ፣ ያም ኮንግረስ ለዚያ ጉዳይ ተብሎ የተጻፈ ሕግ አውጥቶ ነው። ለቀሪው ከሳሽ ፍርዱ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ታዲያ ሱዳን ለምን ከፈለች? ዳኛ ፈርታ አይደለም። ከዝርዝሩ መውጣት ስለፈለገች ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለ አገር ከዓለም ባንክና ከአይ.ኤም.ኤፍ. ዕዳ ማሰረዝ ብሎ ነገር የለውም፣ ባንኮችም ይሸሹታል። ዋሽንግተን «ካሳውን ክፈሉ፣ ከዝርዝሩ ትወጣላችሁ» አለች። ገንዘቡ በጥቅምት 2020 ገባ፤ በታኅሣሥ 2020 ሱዳን ከዝርዝሩ ወጣች። ሊቢያም እንዲሁ ነው ያደረገችው። ስኮትላንድ ሎከርቢ ላይ በቦምብ ለወደቀው አውሮፕላን 270 ሟቾች ለእያንዳንዳቸው 10 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 2.7 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማችው ማዕቀቡ እንዲነሳላት ነው፣ አከፋፈሉም ማዕቀቡ በተነሳ ቁጥር ደረጃ በደረጃ እንዲለቀቅ ሆኖ ነው የተጻፈው።

እኔን ሁሌም የሚከነክነኝ የሱዳኑ ነው። ቢንላደንን ያስተናገደው የአልበሽር መንግሥት ነው። አልበሽርን ደግሞ በታኅሣሥ 2018 አትባራ ላይ በዳቦ ዋጋ የተነሳው ሕዝብ ነው የጣለው፣ በሚያዝያ 2019። ከዚያ በኋላ የመጣው የአብደላ ሐምዶክ መንግሥት፣ ገና ሕዝቡ ለዳቦና ለነዳጅ ተሰልፎ እያለ፣ 335 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ የአልበሽርን ዕዳ ከፈለ። የተጎዳው ይካሳል፣ አዎ፣ መካስም አለበት። ግን ባለዕዳው ማን ሆኖ ተገኘ? ይህን ጥያቄ ከዋሽንግተን ጠበቆች አንዱም ሲያነሳው አልሰማሁም።

እግረ መንገዴን አንድ ታሪክ ልንገርህ። በጥቅምት 2000 ኤደን ወደብ ላይ ኮል የምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ በአልቃይዳ ተመታች፤ 17 መርከበኞች ሞቱ። የቆሰሉት መርከበኞች ሱዳንን ከሰው 315 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላቸው። መጥሪያውን በፖስታ የላኩት ዋሽንግተን ውስጥ ላለው የሱዳን ኤምባሲ ነበር፤ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ተብሎ ተጽፎበት። በመጋቢት 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 «ሚኒስትሩ የሚቀመጠው ካርቱም ነው፣ ደብዳቤው መሄድ ያለበት እዚያው ነው» ብሎ የሥር ፍርዱን ውድቅ አደረገው። የስንት ዓመት ክርክር በፖስታ አድራሻ! ሰውየው በኤምባሲው በኩል አይደርሰውም ነበር ወይ? ይደርሰዋል። ሕጉ ግን «ይደርሰዋል»ን አያውቅም። ያው መጨረሻ ላይ እነሱም በድርድር ነው የተከፈላቸው።

ጥያቄ፦ እኔ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ፣ ጡረተኛ። ሙባረክ ላይ ቦሌ መንገድ የተተኮሰ ቀን ከተማው ውስጥ ነበርኩ። ያኔም የተባለው ሱዳን እጇ አለበት ነው። የእኛ ፖሊሶች ሞተዋል። ኢትዮጵያ ለምን አልከሰሰችም?

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ልብ ይነካል። ለወጣት አንባቢዎች ላስታውስ፤ ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዝዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስብሰባ መጥተው ከኤርፖርት ሲወጡ ታጣቂዎች መንገድ ዘግተው ተኮሱባቸው። መኪናቸው ጥይት የማይበሳው ነበር፤ እዚያው ዞረው ወደ ኤርፖርት ተመለሱ፣ ከዚያም ወደ ካይሮ።

ኢትዮጵያ ጉዳዩን የወሰደችው ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ነው። ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሁለቱም አገሮች ካልፈቀዱ ጉዳይ አይሰማም፤ ሱዳን ደግሞ በዚህ ጉዳይ ትፈቅዳለች ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ምክር ቤቱ በጥር 1996 በውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳን ሦስት ተጠርጣሪዎችን አሳልፋ እንድትሰጥ ጠየቀ። አልሰጠችም። በሚያዝያ ቁጥር 1054 መጣና የዲፕሎማቶቿን ቁጥር የሚቀንስ ማዕቀብ ተጣለ፤ የተነሳው በ2001 ነው። ያ ጫና ከንቱ አልነበረም፤ ቢንላደን በግንቦት 1996 ከካርቱም የወጣበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። የሞቱት ፖሊሶች ቤተሰቦች ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ የሉም። መንግሥት ከመንግሥት ሲነጋገር ካሳ የሚባል ነገር አልተነሳም። የአሜሪካው በርም ለእነሱ ዝግ ነው፤ አሜሪካዊ አይደሉም፣ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛም አልነበሩም።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው ጋሼ። በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ካርቱም ተጠልሎ በነበረ ሰው ምክንያት ናይሮቢ ላይ የተጎዳው የኤምባሲ ዘበኛ ካሳ አገኘ፤ ቦሌ ላይ የወደቀው ፖሊስ ቤተሰብ አላገኘም። በሕጉ ዓይን የሚለያቸው የደመወዝ ፔሮል ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካዊ ዜጋ ነኝ፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አገር ቤት ባለ መንግሥት የተፈጸመብኝን በደል እዚህ መክሰስ እችላለሁ? እሱም ሽብር አይደለም ወይ?

በአጭሩ፦ መንግሥቱን አትችልም ማለት ይቻላል። ለምን? ኢትዮጵያም ኤርትራም በዚያ ዝርዝር ላይ የሉም። በደሉ የቱንም ያህል ቢከፋ፣ ስሙን ሽብር ብንለውም፣ ዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረ አገር በዚህ በር አይገባም። በ2016 የኦባማን ቬቶ ሽሮ የወጣ ሌላ ሕግ አለ፤ ሳውዲ አረቢያ በመስከረም 11 ጥቃት የተከሰሰችው በሱ ነው፣ እሷም እስካሁን ታስተባብላለች። ያ ሕግ ግን ጉዳቱ የደረሰው አሜሪካ ምድር ላይ መሆን አለበት ይላል።

የእኛው ሰው የሞከረውን ልንገርህ። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም፣ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው በኢሜይል በዞረለት አባሪ ፋይል ውስጥ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር ተደብቆ ነበር። ፋይሉን ከፈተው። ከዚያ በኋላ የስካይፕ ጥሪዎቹ፣ ቤተሰቡ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጽፈው፣ ሁሉም ለወራት ወደ አዲስ አበባ ተላለፈ ነው የሚለው። ጉዳቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ከዚህ በላይ አሜሪካ ምድር ላይ የሚሆን ነገር የለም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በመጋቢት 2017 ድርጊቱ የታቀደውና የተጀመረው ውጭ አገር ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ጥፋት አይደለም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። እውነቱን ለመናገር ይህ ፍርድ ለማንም ሰላይ መንግሥት ጥሩ ትምህርት ነው፤ ቤቴ ሆኜ እስከሠራሁ ድረስ ማንም አይነካኝም ይላል።

ሰውን መክሰስ ግን ሌላ ነው። ይህን ታሪክ የማያውቅ ወጣት ብዙ ስላለ ትንሽ ልቆይበት። ቀልቤሳ ነገዎ በደርግ ጊዜ፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ አዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ነበር። ኋላ አሜሪካ ገብቶ አትላንታ ውስጥ አንድ ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆነ። እዚያው ሆቴል አስተናጋጅ ሆና የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ነበረች። በእሱ ትእዛዝ ከተገረፉት አንዷ ናት። አንድ ቀን አየችው። ያንን ፊት። የሥራ ባልደረባዋ ሆኖ።

ሌሎች ሁለት ሴቶች ተገኙ፣ ሦስት ሆነው በ1990 ከሰሱት። ሲገረፍ የነበረን ገላ ዳኛ ፊት ቆመው ተናገሩ። ያቆማቸው በ1789 የወጣ አንድ አንቀጽ ሕግ ነው፤ የውጭ አገር ሰው ዓለም አቀፍ ሕግ ተጥሶ ሲበደል እዚህ መክሰስ ይችላል የሚል። በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ተፈረደላቸው፣ በ1996 ይግባኙም ጸና። ሰውየው በመጨረሻ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ፤ እዚያ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ነበር። ስለዚህ ወንድሜ፣ የበደለህ ሰው ከሥልጣን ወርዶ አሜሪካ ከገባ ጠበቃ ማነጋገር ዋጋ አለው። ዛሬ ያ የ1789 ሕግ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔዎች በጣም ጠቧል፤ ለግርፋትና ለግድያ ግን በ1992 የወጣ ለብቻው ሕግ አለ፣ የጊዜ ገደቡም 10 ዓመት ነው። ማዘግየት ጥሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከነታንያ ነው የምጽፈው። ወንድሜ በ2023ቱ የጥቅምት የሐማስ ጥቃት ቆስሏል። አሜሪካ ኢራንን መክሰስ ይችላል ይሉኛል።

እግዜር ይማረው። አሜሪካዊ ዜጋ ነው? ካልሆነ፣ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛም ካልነበረ፣ አይችልም። እነዚያ በ2024 አሜሪካ ኢራን ላይ ክስ የከፈቱት አሜሪካዊ ዜግነት ያላቸው ተጎጂዎችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። እናንተ ጋ ዋናው በር ቢቱዋህ ሌኡሚ፣ የእስራኤል ብሔራዊ የመድን ተቋም፣ ነው፤ ለጠላት ጥቃት ተጎጂ የሚከፍለው እሱ ነው፣ ማንንም መክሰስ አያስፈልገውም። የሐኪም ወረቀቶቹን በሙሉ ሰብስቡ። የአእምሮ ጉዳትም ጉዳት ነው፤ ደህና ነኝ ብሎ ፋይሉን እንዳይዘጋው።

ጥያቄ፦ እኅቴ በ1998 ናይሮቢ ኤምባሲ ትሠራ ነበር፣ አሁን አርፋለች። ሰሞኑን አንድ ሰው ደውሎ «የካሳ ፈንድ አለ፣ የእሷን ድርሻ ላስወጣላችሁ፣ 2,000 ዶላር ማስኬጃ ላኩ» አለን። እውነት ነው?

ፈንዱ እውነት ነው፣ ሰውየው ግን ሌባ ይመስለኛል።

በ2015 ኮንግረስ በመንግሥታት የተደገፈ ሽብር ተጎጂዎች የሚካሱበት ፈንድ አቋቁሟል። ገንዘቡ ማዕቀብ ከጣሱ ኩባንያዎች ቅጣት ነው የሚመጣው፤ መነሻው ላይ ትልቁን ያዋጣው ቢኤንፒ ፓሪባ የተባለው የፈረንሳይ ባንክ ነው፣ ከሱዳንና ከኢራን ጋር በሠራው ሥራ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ተቀጥቶ። ግን በዚህ ፈንድ ለመካስ በአሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤት የመጨረሻ ፍርድ በእጅ መኖር አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው እኅትሽ ከከሳሾቹ መካከል ነበረች ወይ የሚለው ነው። ነበረች ከሆነ የያዛት ጠበቃ ቢሮ መዝገቡ አለው፤ ወራሾቹም በእሱ በኩል ነው የሚቀርቡት። ማመልከቻ ማስገባት በነፃ ነው። ጠበቃም ቢሆን የሚወስደው ከተከፈለ በኋላ ነው፣ ከ25 በመቶ በላይም አይፈቀድለትም።

እንደገና ሲደውል የመዝገብ ቁጥሩንና የጠበቃ ፈቃድ ቁጥሩን ጠይቂው። የማይመልስ ከሆነ ዝጊው፣ ብርም እንዳትልኪ።

ስለ ውክልናና ስለ ውርስ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ለቀጣዩ እትም ተላልፈዋል።